ጀበናዬ አንገቱ ላይ መሰንጠቁን እንዴት እንዳቆመ
ሸክላ በእጅ መስራት ከጀመርኩ ሶስት አመት ሆነኝ፣ የሚሽከረከር ማሽን የለኝም፣ ጭቃውን በእጄ እያድቦለቦልኩ ነው ከታች ወደ ላይ የማሳድገው። ያስተማሩኝ አዲስ አበባ ቀጨኔ ሰፈር ያሉ አንዲት እናት ናቸው፣ እሳቸውም ከእናታቸው ነው የተማሩት። ጀበና እየሞከራችሁ አንገቱ እየተሰነጠቀ ያስቸገራችሁ ካላችሁ እኔም እዛው ላይ ነበር ወራት የፈጀሁት።

በፊት የሚሰብረው እሳቱ ይመስለኝ ነበር፣ ኩበቱ በዛ፣ ነፋስ ገባ እያልኩ። አንድ ቀን እማማ የተሰነጠቀውን አንስተው አንገቱን ይዘው ነቅነቅ ሲያደርጉት ከሆዱ ላይ እንደ ክዳን ተነሳ። ስፌቱን አሳዩኝ፣ ልሙጥ ነው፣ ምንም የተያያዘ ነገር የለውም። «እሳቱ ምን አደረገ ልጄ፣ ስትቀጥይው ነው የተላቀቀው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል። እኔ ሆዱን ሰርቼ አሳድርና በማግስቱ እርጥብ አንገት እቀጥልበት ነበር፣ ሆዱ መኮማተሩን ጨርሷል አንገቱ ገና ሊጀምር ነው፣ ስለዚህ አንዱ ሲሸሽ ሌላው ይቀራል፣ መሀል ላይ ይላቀቃል። አሁን ሆዱን በፌስታል እሸፍንና የሚቀጠልበትን ጠርዝ ብቻ እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ። ጥፍሬ መስመር የሚያወጣበት ግን ጣቴ ላይ የማይለጠፍ ሲሆን ሁለቱንም ጠርዝ በሹካ እቧጭራለሁ፣ ቀጠን ያለ ጭቃ እቀባለሁ፣ ተጭኜ ትንሽ አዞር አደርገዋለሁ፣ ከዛ እንደ ክር የቀጠነ ጭቃ ስፌቱ ላይ ዙሪያውን አስቀምጬ በአውራ ጣቴ ወደላይም ወደታችም አሻለሁ። የውስጡን ግን አንገቱ ሳይጠብ ጨርሱት፣ ከጠበበ በኋላ ጣት አይገባም።

ጭቃው ራሱም ለብቻው አይሆንም። የተሰበረ ሸክላ ወቅጬ ነፍቼ እቀላቅልበታለሁ፣ ለሶስት እጅ ጭቃ አንድ እጅ ገል፣ መኮማተሩን ይቀንሳል፣ እርጥበቱም መውጫ ያገኛል። የሰበርኳቸው ጀበናዎች ሁሉ እዛ ነው የገቡት።

ማድረቅ ላይ አትቸኩሉ በእናታችሁ። በጥላ እንጂ በፀሀይ አይጀመርም፣ ክረምት ላይ እኔ ሶስት ሳምንት አቆየዋለሁ። መድረቁን የማውቀው ጉንጬ ላይ አድርጌ ነው፣ ከቀዘቀዘኝ ውስጡ ውሃ አለ ማለት ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1600 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ስለሆነ 93 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ እሳቱ ገና ሳይጠነክር ነው ፈንድቶ የሚበተነው። ከማቃጠሌ በፊት ለሰአታት እሳት ዳር እያዞርኩ አሞቀዋለሁ፣ ከዛ በኋላ ነው ኩበትና ጭድ የምከምርበት። ጥቁር እንዲሆን ከፈለጋችሁ እንደጋለ አውጥታችሁ ቅጠል ውስጥ ቅበሩት፣ ጭሱ ይገባበታል። ሲቀዘቅዝ በጣት አንኳኩት፣ ጥርት ያለ ድምፅ ካለው ደህና ነው፣ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እማማ «ቡዳ» እየተባሉ ነው ያደጉት፣ ያንን የሚላቸው ሰው ቤት ቡናው የሚፈላው በእነሱ እጅ ስራ ነበር። ይሄን ሳስብ ያመኛል፣ ገበያ ላይ ሰው አንድ ጀበና ይዞ ሲከራከር ሳይም እንደዛው፣ ምክንያቱም አሁን ስንት ቀን እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ።

ሰሞኑን እንስራ ጀምሬያለሁ፣ ሆዱ ትልቅ ስለሆነ ጠርዙ ቶሎ ይደርቅብኛል፣ ጠዋትና ማታ ጨርቁን እያራስኩ አራተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ በጥፍሬ ሞክሬው ነበር፣ ነገ አንገቱን እቀጥላለሁ።