ለከብቶች የሚዜም

ከትናንት ማታ ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆዴ ይባባል። ክፉ ነገር አልገጠመኝም፤ እንዲያውም ያለሁት ሰው ከፍሎ በሚመጣበት ቦታ ነው። ፓጎሳ ስፕሪንግስ በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ከዴንቨር አምስት ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ዎልፍ ክሪክ የሚባለውን ከፍታው ከ3,300 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የተራራ በር ተሻግሮ የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ናት። ፍል ውሃዋ ወንዙ ዳር ሲጨስ ይውላል።

የምናርፍበትን ቤት ቁልፍ የሰጠችን አንዲት የሌሊት ፈረቃ የሥራ ጓደኛዬ ናት። እሷና ባሏ እዚህ ታይምሼር አላቸው። የገዙት ከአንድ ቤት ላይ የዓመቱን አንዲት ሳምንት ነው፤ የቀሩት ሳምንታት የሌላ ሰው ናቸው። መጡም ቀሩም የጥገናው ክፍያ በየዓመቱ ይጠብቃቸዋል። ዘንድሮ ሥራ ስለያዛት ሳምንቷን ለእኛ ለቀቀችልን፤ እግዜር ይስጣት።

ቤቱ በሙሉ የካውቦይ ዘመን እንዲመስል ተደርጎ ተሠርቷል። የሳሎኑ መብራት የተንጠለጠለው ከጋሪ መንኮራኩር ላይ ነው። ግድግዳው ላይ ኮርቻ፣ ልጓምና የተጠመጠመ ገመድ ተሰቅሏል። ገመዱን ዳሰስኩት፤ የአንድም በሬ ቀንድ ላይ አርፎ አያውቅም። ምግብ ቤቱ በር ላይ የቆመው የስንቅ ጋሪ ግን ልቤን ያዘው። ከኋላው ትልቅ ሣጥን አለው፤ ክዳኑ ወደ ታች ሲዘረጋ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይሆናል፤ ውስጡ ለዱቄት፣ ለባቄላና ለቡና የተከፋፈሉ መሳቢያዎች ናቸው። ይህን ዓይነት ጋሪ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1866 ያሠራው የቴክሳሱ ከብት ነጂ ቻርልስ ጉድናይት ነው፤ ከባልደረባው ከኦሊቨር ላቪንግ ጋር ሆኖ ከቴክሳስ በኒው ሜክሲኮ በኩል መንጋ መንዳት የጀመረ ጊዜ። መንገዳቸው በኋላ እስከዚህ እስከ ኮሎራዶ ዘልቋል። ማታ ማታ ምግብ አብሳዩ የጋሪውን መጎተቻ ወደ ሰሜን ኮከብ አዙሮ ይተኛ ነበር ይባላል፤ ጠዋት ሰማዩ ቢደፈን እንኳ አቅጣጫው እንዳይጠፋቸው።

ከዚህ ሁሉ ውስጤ የቀረው የሌሊቱ ጥበቃ ነው። መንጋው ሲተኛ ሁለት ፈረሰኞች በተቃራኒ አቅጣጫ እየዞሩት ያዜሙ ነበር። መዝሙርም ይሁን የፍቅር ዘፈን፣ ለከብቶቹ ልዩነት የለውም። የሚያውቁት ድምፅ ሳይቋረጥ ከተሰማቸው መብረቅ ሲያጓራ፣ እንጨት ሲሰበር ደንብረው አይበተኑም።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ በፊት ነው። ጎጃም፣ ጮቄ ተራራ ሥር፣ ጅብ በረቱን በሚዞርበት ሌሊት ወንድም ጋሼ ጋቢውን ተከናንቦ ይወጣና በረቱ አጥር ላይ ተደግፎ ያዜም ነበር። ግጥም አልነበረውም። የከብቶቹን ስም በተራ ይጠራል፤ ቦራ፣ ወይኖ፣ ዳለቻ፣ እንደገና ቦራ። እኔ ከውስጥ አጎዛው ላይ ተኝቼ እሰማዋለሁ። በመጀመሪያ የሚሰማው የኮቴ ድብደባና የትንፋሽ ፉርፉርታ ነው፤ ቀስ በቀስ ይሰክናል፤ በመጨረሻ ዳለቻ ታመሰኳለች። እኔም የምተኛው ያን ጊዜ ነው። ጠዋት እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱ ጅራፉን ይዞ ወደ መስኩ። ከሁለታችን አንዱ ከከብቶቹ ጋር መቅረት ነበረበት፤ ታላቅ እሱ ስለሆነ እሱ ቀረ።

ጉድናይት ብዙ እረኞች ነበሩት፤ ከሁሉም አብልጦ ያምነው የነበረው ግን ቦስ አይካርድን ነው። በባርነት የተወለደ ጥቁር ሰው ነበር። ጉድናይት በጉዞ ላይ ገንዘቡን የሚያስይዘው እሱን ነበር። አይካርድ በ1929 ሞቶ ዌዘርፎርድ፣ ቴክሳስ ውስጥ ሲቀበር፣ ዕድሜው ከዘጠና ያለፈው ጉድናይት የመቃብር ድንጋይ አቆመለት። አራት ዓመት አብሮት መንጋ እንደነዳ፣ አንድም ቀን ከግዳጁ እንዳልሸሸ፣ የደነበረ መንጋ ውስጥ አብሮት እንደጋለበ አስቀረጸበት። ይህን ሳነብ ዕንባዬ መጣ። አንድ ሰው ለከብት ጥበቃ ያዋለው ሌሊት ድንጋይ ላይ ሊጻፍ የሚገባው ነገር እንደሆነ ያ ሽማግሌ ገብቶታል።

የወንድሜ ሌሊቶች የትም አልተጻፉም። የሚያስታውሳቸው ከእሱ ሌላ እኔ ብቻ ነኝ፤ እናታችንም አልፋለች። ልጆቼ ግድግዳው ላይ ካለው ኮርቻ ሥር ፎቶግራፍ ሲነሡ ስለ አጎታቸው ልነግራቸው ጀመርኩ፤ ዜማው ላይ ስደርስ ግን እንዴት እንደሚወጣ አላውቅበትም። ስሞቹን ጠራሁላቸው፤ ስሞቹ ብቻቸውን ዜማ አይሆኑም።

እሑድ እደውልለታለሁ። ልጆቹ እንዲሰሙት አንድ ጊዜ አዚምልኝ ብዬ ብለምነው እሺ ይለኝ ይሆናል። ግን ከብቶቹ ከተሸጡ ስንት ዘመናቸው፣ በረቱም ፈርሷል። በስልክ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የሚሰክን ከብት በሌለበት ያ ዜማ ይመጣለት ይሆን?