መብራቱማ በርቷል

የምሠራው ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ የሐኪም ረዳት ነኝ። በብዛት የሚመጡት ውሻና ድመት ቢሆኑም አልፎ አልፎ ኤሊ፣ እባብና ኢጓና የሚባለውን ትልቅ እንሽላሊት እንቀበላለን። ከሁሉም አንጀቴን የሚበላው ኢጓና ነው፤ አጥንቱ እያለቀ እንኳ ድምፅ አያሰማም። ቅርንጫፉ ላይ ተጋድሞ ዓይኑን ሲያርገበግብ ያየ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል።

በብርዱ ወራት አንድ አረጋዊ ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነው አረንጓዴ ኢጓና በፎጣ ጠቅልለው መጡ። የልጁ ወላጆች ሥራ ስለሚውሉ ቀን ቀን የሚያበሉት እርሳቸው ናቸው። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ልጄ፣ ጭኑን እይው፤ እንዲህ ወፍሮ ሳለ እንጨቱ ላይ መውጣት እንቢ አለ» አሉኝ።

ጭኑ እውነትም ክብ ሆኗል። የጅራቱ ሥር ግን ከስቷል፤ የታችኛው መንጋጋው አብጧል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። አዲስ የተቀጠረው ባልደረባችን ሊመዝነው እግሩን ሊይዝ ሲል ሐኪሟ ቶሎ ብላ አስቆመችው። እንዲህ ያለ አጥንት ጠበቅ አድርገው ቢይዙት ይሰበራል። ሆዱን ከሥር በሁለት እጅ ደግፈን ከነፎጣው መዘንነው። ራጅ ሲነሣ አጥንቶቹ ደብዝዘው ታዩ፤ አንዱ የኋላ እግር ላይም የቆየ ስብራት ተገኘ። ደሙ ውስጥ ካልሲየም ሲያንስ ሰውነቱ ከገዛ አጥንቱ ይወስዳል፤ የሳሳው አጥንት ደግሞ ዙሪያውን በጠንካራ ሥጋ መሰል ነገር ይሸፈናል። ውፍረት የመሰላቸው ይህ እብጠት ነበር።

ሐኪሟ ስለ መብራቱ ጠየቀች፤ እኔ ተረጎምኩ። «መብራቱማ በርቷል! ጠዋት ጠዋት የማበራው እኔ ነኝ» አሉ። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ኢጓናው የሚኖርበትን ሳጥን ፎቶግራፍ አሳየን። አምፖሉ ደምቆ ይበራል፤ ነገር ግን የተቀመጠው የመስታወት ክዳን ላይ ነው። የተገዛውም እንስሳው ቤት ሲገባ፣ ከ2 ዓመት በፊት ነው።

ኢጓና ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ከፀሐይ ወይም ከልዩ አምፖል መጥቶ ቆዳው ላይ በሚያርፍ የአልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ነው፤ ያለ እርሱ የበላውን ካልሲየም በሚገባ አይጠቀምበትም። ተራ መስታወት ይህን ጨረር ያስቀረዋል ማለት ይቻላል። አምፖሉም ቢሆን ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ሳይቀንስ ጨረሩ ይደክማል፤ ስለዚህ ብዙዎቹ አምፖሎች እንደ ዓይነታቸው በ6 ወይም በ12 ወር ይቀየራሉ። ይህን ለእኚህ አባት እንዴት እንደማስረዳ ሳስብ አገር ቤት ትዝ አለኝ።

«አባባ፣ ሕፃን ጠዋት ፀሐይ የሚሞቀው ለምንድን ነው?»

«አጥንቱ እንዲጠነክር ነዋ።»

«ለእርሱም እንደዚያው ነው። በመስታወት ያለፈ ብርሃን ያሞቀዋል እንጂ አጥንቱን አያጠነክርለትም።»

ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው በቀስታ ደገሙለት። እንደዚያ ቀን አስተርጓሚነቴን ወድጄው አላውቅም።

ምግቡም መስተካከል ነበረበት። ሰላጣና ሙዝ ነበር የሚሰጡት፤ ሰላጣ አብዛኛው ውሃ ነው። ቆስጣ ቢያዘወትሩለትም ውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ካልሲየሙን ይይዝበታል። ኢጓና ቅጠል በል ስለሆነ ሥጋና እንቁላል አይሰጠውም። ለእርሱ የሚስማማው እኛ ጎመን ወጥ የምንሠራበት ኮላርድ መሆኑን ስነግራቸው «ከማቀዝቀዣችን አይጠፋም እኮ!» አሉ። ሳልሞኔላ የተባለ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ስለሚችል እንስሳውን በነኩ ቁጥር እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡም አደራ አልኳቸው። የሚሞቅበት ቦታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት፤ ካልሞቀው የበላው አይፈጭለትም።

በአፉ የሚሰጥ ካልሲየም ታዘዘለት፤ አዲሱ አምፖልም ያለ መስታወት ተሰቀለ። ከሳምንታት በኋላ ሲመለሱ መንቀጥቀጡ ቆሟል፤ ዝቅተኛውን ቅርንጫፍም ይወጣ ጀምሯል። መንጋጋው ግን እንደ ቀድሞው እንደማይሆን ሐኪሟ ሳትሸሽግ ነገረቻቸው።

ያኔ የመቀበያ ቅጻችን ላይ «መብራት አለው ወይ?» የሚል ጥያቄ ነበር፤ ሁሉም አዎ ብሎ ይሞላዋል። እንዲቀየር ለሐኪሟ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ተስማማች። አሁን የምንጠይቀው አምፖሉ የተገዛበትን ወር፣ ከእንስሳው ምን ያህል እንደሚርቅና በመካከላቸው ምን እንዳለ ነው፤ የሳጥኑን ፎቶግራፍም ይዘው እንዲመጡ ቀጠሮ ስንሰጥ እንነግራቸዋለን።