ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ የሚቆም ዴስክቶፕ

ዴስክቶፕ አልነሳ ሲል፣ ቁልፉን የተጫናችሁባት ቅጽበት ብዙ ነገር ትናገራለች። የኔው ራሴ የገጣጠምኩት ነው። ቁልፉን ስጫነው የሲፒዩው ፋን ግማሽ ዙር ያህል ነቅነቅ ይልና ቀጥ ይላል። ስክሪኑ ጨለማ፣ ድምፅ የለም። ደግሜ ብጫነው ጭራሽ ምንም። ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ትንሽ አቆይቼ ስሰካው ግን ያችኑ ግማሽ ዙር ይዞራል። ይህ የጀመረው ሐምሌ ላይ፣ ከጣና በኩል የመጣ ነጎድጓድ ባሕር ዳርን ሲንጣት አምሽቶ፣ መብራቱም ሲሄድ ሲመጣ ካመሸ በኋላ ነው።

የነገርኩት ሰው ሁሉ “ፓወር ሰፕላዩ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዛ” አለኝ፤ የግድግዳውን መብራት ለኮምፒውተሩ ወደሚስማማ ቮልቴጅ የሚቀይረውን ሣጥን ማለታቸው ነው። እኔ ግን ያቺ ግማሽ ዙር አላሳመነችኝም። ፋኑ ከተነቃነቀ ኃይል ወጥቷል ማለት ነው። ወጥቶ ወዲያው ከተቋረጠ ደግሞ፣ ፓወር ሰፕላዩ አንድ ቦታ ሾርት (ኃይሉ በማይገባው አቋራጭ የሚፈስበት ብልሽት) አግኝቶ ራሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። ገመዱ ከግድግዳ ካልተነቀለ በስተቀር እንደገና አለመሞከሩም ከዚሁ ጋር ይሄዳል፤ ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላዮች አንዴ ራሳቸውን ካጠፉ እንደዚያ ናቸው።

ስለዚህ ብር ከማውጣቴ በፊት ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ አነሳሁ። ፖሊ ግቢ የሚማር የአክስቴ ልጅ ሊያግዘኝ መጣ። ገመዱ ተሰክቶ ቁልፉ ሳይጫን፣ በትልቁ ባለ 24 ፒን ሶኬት ላይ ሐምራዊው ሽቦ 5 ቮልት መስጠት አለበት። ሰጠ። ከዚያ ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉም ነገር ነጥለን፣ ብቻውን እንዲነሳ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር በወረቀት መያዣ ሽቦ አገናኘነው። የራሱ ፋን ተነስቶ ሳይቆም ዞረ። ቢጫው ከ12 ቮልት ትንሽ ከፍ ብሎ ተነበበ። የሚፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ስለሆነ ጥሩ ነው። ይህ ሙከራ ፓወር ሰፕላዩ ጤነኛ ነው ብሎ አይመሰክርም፤ ሸክም ሲበዛበት የሚዝለፈለፍም አለ። አልሞተም የሚለውን ግን ያረጋግጣል። በነገራችን ላይ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ አትክፈቱ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ክፉኛ ሊመቱ የሚችሉ ናቸው።

ቀጥሎ ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ዋና ቦርድ፣ ማዘርቦርዱን፣ አራቆትነው። ሲፒዩው ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ሌላ ምንም። ግራፊክስ ካርዱ፣ ኤስኤስዲው፣ ሃርድ ዲስኩ፣ የኬዙ ፊት ላይ ያሉት የዩኤስቢ ገመዶች ሁሉ ተነቀሉ። ቁልፉን ስጫነው ተነሳ! ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው። አንዱን ትመልሳለህ፣ ታስነሳለህ፣ ታጠፋለህ፣ ገመዱን ከግድግዳ ትነቅላለህ፣ ሌላውን ትመልሳለህ። ካርዱ ሰላም ነው። ኤስኤስዲው ሰላም ነው። ሃርድ ዲስኩን ስንሰካ ያቺ ግማሽ ዙር ተመልሳ መጣች።

ልቤ ወረደ። ደብረ ማርያም በጀልባ የሄድንባቸው ፎቶዎችም፣ አባቴ በገና ሲደረድር የቀዳሁትም እዚያ ዲስክ ላይ ነው ያሉት።

ሃርድ ዲስኩን ገልብጠን የራሱን ቦርድ የያዙትን ባለ ኮከብ ብሎኖች ፈታን። ኃይል በሚገባበት ሶኬት አጠገብ ሁለት ጥቁር ዳዮዶች አሉ፤ ቲቪኤስ ይባላሉ። ደህና ዳዮድ በቴስተር ሲለካ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያነብባል። እኛ ዲስክ ላይ አንዱ የ5 ቮልቱን፣ ሌላው የ12 ቮልቱን መስመር ይጠብቃል። በደህናው ጊዜ ምንም አይሠሩም። ቮልቴጁ ከልክ ሲያልፍ ግን ትርፉን ወደ መሬት መስመር ይለቁታል። በጣም ከበዛባቸው ራሳቸው ተቃጥለው ሾርት ሆነው ይቀራሉ፤ ዲስኩ ግን ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቴስተሩን ትንሹ ላይ አደረግነው፤ በአንድ በኩል ብቻ አነበበ። ትልቁ ላይ ስናደርገው ጢጥ አለ። የቴስተሩን ጫፎች አገላበጥናቸው። “ጋሼ፣ በሁለቱም በኩል ይጮኻል” አለኝ የአክስቴ ልጅ። ሾርት የሆነው የ12 ቮልቱ ነበር።

ዳዮዱ በመስመሩና በመሬቱ መካከል ስለሚቀመጥ፣ ቢነሳም መስመሩ አይቋረጥም። እሱ በመበየጃ ካውያ ሁለቱን እግሮች አሞቀ፣ እኔ በወረንጦ አነሳሁት። ቦርዱን መልሰን አሰርን፣ ሰካን። ዲስኩ ያችን የለመድኳትን ስስ ድምፅ እያሰማ ዞረ። ሌላ ምንም ሳልነካ ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥኩ።

እንደዚህ ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ። ይህ የሚሠራው የተቃጠለው ዳዮዱ ብቻ ከሆነ ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ወዲያው አቁሙ። ውስጡ ያለው ነገር የማይተካ ከሆነም በዚህ ሥራ እጁን ላፍታታ ባለሙያ ስጡት። ዳዮድ የሌለው ዲስክ ደግሞ ከእንግዲህ ጠባቂ የለውም፤ ቢጠፋ የሚያሳዝን ፋይል አታስቀምጡበት።

የቀረኝ ፓወር ሰፕላዩ ነው። ግምቴ፣ ትርፍ ቮልቴጅ ወደ ዲስኩ ያሳለፈው እሱ ነው። በቴስተር ጥሩ ቢያነብም ልቀይረው ወስኛለሁ። ስታቢላይዘር ለሚዋዥቅ መብራት ይረዳል፤ ለነጎድጓድ ቅጽበታዊ ምት ግን አይደርስም። ደመናው ሲጠቁር ገመዱን ከግድግዳ መንቀል እስካሁን የማምነው ብቸኛ መከላከያ ነው።

የተነሳውን ዳዮድ በተመሳሳይ ለመተካት አስቤያለሁ። ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የሞተ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ቤታችሁ ካለ አትጣሉት። ቦርዱን እፈልገዋለሁ።