ማዘርቦርድ ተቀይሮ ራም ሲጎድል

ዛሬ እዚህ ባሕር ዳር ለጥገና የመጣ ዴስክቶፕ ማዘርቦርዱ ከተቀየረ ወዲህ ከ16 ጊጋባይት ራም 8ቱን ብቻ ነው የሚያሳየው። እባካችሁ ባለሙያዎች፣ እንዲህ ሲሆን ቶሎ «ራሙ ሞቷል» አትበሉ፤ ባለቤቱ ያለ ጥፋቱ አዲስ ይገዛል።

ገመዱን ከሶኬት ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጫኑ። ከዚያ አንድ ራም ብቻ ከሲፒዩ (ዋናው ፕሮሰሰር) ሲቆጠር 2ኛው ስሎት (የራም መሰኪያ) ላይ (ባለ 4 ስሎት ቦርድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤ2 ነው) ቀጭ እስኪል ግፉ። ሌላውንም እዚያው ሞክሩ። ሁለቱም እዚያ ሠርተው 4ኛው ስሎት ላይ ከጠፉ ችግሩ ራሙ አይደለም፣ ተዉት። ሲፒዩውን አንሱና የተቀመጠበትን ሶኬት በባትሪ ብርሃን እዩ፤ የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ሲፒዩው ውስጥ ስለሆነ አንዲት የታጠፈች ፒን (ቀጭን የመገናኛ እግር) ሙሉ ቻናል (ሲፒዩውን ከራም ስሎቶች ጋር የሚያገናኝ መስመር) ልታጠፋ ትችላለች። የሲፒዩ ማቀዝቀዣው ብሎን ባንድ ወገን ሲጠብቅም እንዲሁ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አይጠረጥረውም።

የጣና እርጥበትና አቧራ የነካውን የራም እግር (ስሎቱ ውስጥ የሚገባውን ጠርዝ) በንጹሕ ላጲስ፣ ቀጥሎ በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ።

ሁሉም ሲታይ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ላይ ኤክስኤምፒን (የራሙን ፍጥነት ከፍ የሚያደርገውን ቅንብር) አጥፍታችሁ ሜምቴስት86 የተባለውን የራም መፈተሻ ፕሮግራም አስነሱ። አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ማሽኑን ለባለቤቱ አትመልሱ፤ ራሞቹን ለየብቻ ፈትሹ።