ካርቶኑ እንደሚለው

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የብስክሌት መለዋወጫ ሱቅ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። የተቀጠርኩት ለሻጭነት ነው። ትንሽ እንግሊዝኛ ስለምሞክር ግን ሌላም ሥራ ተጨመረልኝ። የሱቁ ባለቤት እትዬ ከአዲስ አበባ ዕቃ ጭነው ሲመጡ፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን አንብቤ በአማርኛ እጽፋለሁ። ከዚያ ፎቶ አንስቼ የሱቁ ቴሌግራም ላይ እለጥፋለሁ። ለዚህ የተለየ ክፍያ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሥራው ደስ ይለኝ ነበር። እትዬ ሲያሾፉብኝ "ጸሐፊያችን" ይሉኛል።

ከተማችን ለጥ ያለች ናት፤ ለብስክሌት የተሠራች ነው የምትመስለው። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም ይነዳል። ስለዚህ ደንበኞቻችን ቀላል ሰዎች አይደሉም። ኩሽኔታ ሲገዙ በጣታቸው አሽከርክረው፣ ጆሮአቸው አጠገብ አድርገው ያዳምጡታል። ካቴና ሲገዙ ጎንበስ ቀና አድርገው ያዩታል። መብራት ሲሆን ግን ሁሉም ካርቶኑን ነው የሚያነበው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አንድ ክረምት ላይ አዲስ የፊት መብራት መጣ። ካርቶኑ ጥቁርና ወርቃማ ነው። "10,000 ሉመን" ይላል በትልቁ፤ ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ባትሪው የሚይዘው 9,900 ሚሊአምፔር ሰዓት። 8 ሰዓት ይበራል። በዩኤስቢ ገመድ በ3 ሰዓት ቻርጅ ይሞላል። ጥግ ላይ ደግሞ በትንንሹ አይፒኤክስ 4 የሚል ነገር አለ። እኔም ጻፍኩ፦ "ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ መብራት! 10,000 ሉመን! ክረምት አይፈራም፤ ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ አይበላሽም!"

ዕቃው እንደ ትኩስ ዳቦ ተሸጠ። እትዬ ሁለተኛ ዙር አዘዙ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ሳልጨርስ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ብስክሌታቸውን እየገፉ መጡ። ደንበኛችን ናቸው። ክርናቸው በፋሻ ተጠቅልሏል።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም አልሆንኩ። ያንተ መብራት ጠፋ፣ እኔ ጉድጓድ ገባሁ።"

ዓባይን ተሻግረው እህታቸውን ጠይቀው እየተመለሱ ነበር። መብራቱ ሙሉ ቻርጅ ነበረው። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላው መጀመሪያ ደበዘዘ፣ ከዚያ ጭራሽ ድርግም አለ። መንገዱ ጨለማ ነው፣ ካፊያም ነበር።

አሁን ስናገር ያሳፍረኛል፤ ያን ጊዜ ግን መጀመሪያ ያየሁት ክርናቸውን አልነበረም። ግድግዳው ላይ ያለውን "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ጽሑፍ ነው ያየሁት። እሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩት።

"አንብቤዋለሁ" አሉ። "ገንዘቤን አልጠየቅኩህም። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ።"

ፊዚክስ ነበር ያስተማሩት። ወንበር ስቤላቸው ተቀመጡና ካርቶኑን እንደ ፈተና ወረቀት አጠገባቸው አስቀመጡት።

"እሺ፣ ካርቶኑን እንመነው" አሉ። "የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ 3.7 ነው። 9.9 አምፔር ሰዓት በ3.7 ስታባዛ ስንት ይመጣል?"

ስልኬን አውጥቼ አባዛሁ። ወደ 37 ዋት ሰዓት፤ ባትሪው የሚይዘው ኃይል ማለት ነው።

"ጥሩ። ደህና የሚባል ኤልኢዲ ከአንድ ዋት ከ100 እስከ 150 ሉመን ያወጣል እንበል። 10,000 ሉመን ለማውጣት ስንት ዋት ይፈልጋል?"

ቢያንስ 67። ቢበዛ 100።

"37 ዋት ሰዓት ያለው ባትሪ 67 ዋት የሚበላ መብራት ስንት ሰዓት ያበራል?"

ግማሽ ሰዓት ገደማ። ካርቶኑ ግን 8 ሰዓት ነው የሚለው።

"ገልብጠው እስቲ። 8 ሰዓት ይበራል ካልክ ባትሪው ሊሰጥህ የሚችለው 5 ዋት እንኳ አይሞላም። ይኼ ቢበዛ 700 ሉመን ነው። አንድ የተለመደ የመኪና የፊት ሃሎጅን አምፖል 1,500 ሉመን ገደማ አለው። 10,000 ሉመን ማለት እኮ ከስድስት በላይ የመኪና አምፖል መሪህ ላይ አሰርክ ማለት ነው።"

ቻርጁንም አልተዉትም። ከመብራቱ ጋር የመጣው ገመድ ላይ 5 ቮልት፣ 1 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ይኼ 5 ዋት ነው። 37 ዋት ሰዓት በ5 ዋት ለመሙላት ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ካርቶኑ 3 ሰዓት ብሏል።

ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። ካርቶኑ ዋሽቷል ለማለት መሣሪያ አላስፈለጋቸውም። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ውሸት ነው። እኔ ግን ሁሉንም ጎን ለጎን፣ በአንድ ትንፋሽ አንብቤ አልፌያቸዋለሁ።

ባትሪውን አውጥተን አየነው። 18650 የሚባለው ዓይነት ነው። ቁጥሩ መጠኑን ነው የሚናገረው፤ ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር። በዚህ መጠን ከሚሠሩት መካከል ጥሩ የሚባለው 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። 9,900 የሚል ካየህ ቁጥሩን የጻፈው ባትሪውን የሠራው ሳይሆን ማተሚያ ቤቱ ነው። መምህሩ ክብደቱንም ማወቅ ፈለጉ። ደህናው 45 ግራም አልፎ ይመዝናል። ሚዛን ከየት ይምጣ? ከሱቃችን ሁለት በር አለፍ ብሎ ወርቅ ቤት አለ። ባትሪውን ይዤ ሄድኩ።

"ስንት ካራት ነው?" አለኝ ልጁ እየሳቀ።

31 ግራም ሆነ።

ስመለስ እትዬ መጥተዋል። መምህሩ ሁሉንም ነግረዋቸዋል። እትዬ ክርናቸውን አይተው ደንግጠዋል፤ ንግግሩ ግን ደስ አላላቸውም።

"እኔ ነኝ እንዴ ያመረትኩት፣ መምህር? ካርቶኑ እንደሚለው ነው የምንሸጠው። አስመጪውም ይህንኑ ነው የሚለኝ። ከጎኔ ያለው ሱቅም ያው ካርቶን አለው። እኔ 500 ሉመን ብዬ ብጽፍ፣ እሱ 10,000 ብሎ ቢጽፍ፣ ማን ከእኔ ይገዛል?"

ለዚህ ጥያቄ እስከዛሬ ጥሩ መልስ የለኝም። እትዬ ሌባ አይደሉም። መርካቶ ሄደው፣ ተጨናንቀው፣ ጭነው የሚመጡ ሴት ናቸው። ካርቶን የሚከፍቱበት ጊዜ እንኳ የላቸውም።

መምህሩ ግን ወደ እኔ ዞሩ። ስልካቸውን አውጥተው የቴሌግራሙን ጽሑፍ አሳዩኝ።

"ካርቶኑን ተወው። ይኼን 'ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ አይበላሽም' የሚለውን ካርቶኑ ላይ ፈልጌ አጣሁት። ማን ጻፈው?"

ዝም አልኩ። እትዬም ወደ እኔ ዞሩ።

አይፒኤክስ 4 ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል ማለት ነው። በቃ። ውኃ ውስጥ መግባት ሌላ ነው፤ አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ለግማሽ ሰዓት ሲፈተን ነው አይፒኤክስ 7 የሚባለው። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ባላውቅም ጻፍኩ። ምክንያቱም ጥሩ ይመስል ነበር። "ውኃ ይቋቋማል" ብዬ ስጽፍ ዓረፍተ ነገሩ አጠረብኝና አስረዘምኩት።

ኋላ ላይ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅን፣ ቁጥር 813/2006ን፣ አገላብጬ ነበር። ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ይህን ሳነብ እንደ በፊቱ "ካርቶኑ ነው" ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኛ!

እትዬ የመምህሩን ገንዘብ መለሱ። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን እንዳለ ነው።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ አዲስ መብራት ሙሉ ቻርጅ አድርጌ መደርደሪያው ላይ አበራሁት፤ ሰዓት ያዝኩ። በኃይለኛው 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ቆየ። በደብዛዛው ወደ 4 ሰዓት። ከዚያ ጽሑፉን አጠፋሁና እንደገና ጻፍኩ፦ "በኃይለኛው አንድ ሰዓት ገደማ ይበራል። ሱቅ ውስጥ ሞክረነዋል። ለካፊያ ይሆናል፤ ውኃ ውስጥ አይግባ።" ዋጋውንም እትዬ ትንሽ ቀነሱ። ሽያጩ ወደቀ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ወደቀ።

ከዚያ በኋላ አንድ በሽታ ያዘኝ። መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። "የአውሮፕላን አሉሚኒየም" የሚል የስልክ መያዣ አለን፤ ከአንዲት ቡሎን በቀር ሙሉው ፕላስቲክ ነው። "የአውሮፕላን አሉሚኒየም 6061" የሚል የኮርቻ ዘንግም አለን። ይኼኛው እንኳ ውሸት ላይሆን ይችላል። 6061 ከማግኒዥየምና ከሲሊከን ጋር የተቀየጠ አሉሚኒየም ነው። አውሮፕላን ላይ ይገባል። ጀልባም ላይ ይገባል። ቧንቧም ይሠራበታል። ግን "የቧንቧ አሉሚኒየም" ብሎ የሚጽፍ የለም። ዘንጉ ምን ያህል ወፍራም ነው፣ ስንት ኪሎ ሰው ይችላል፣ ይኼ አልተጻፈም።

መካኒካችን ከአሮጌ ስፒከር ማግኔት ፈልቅቆ ሰጠኝ። "አሎይ" የሚል መሪ ላይ ሳስጠጋው ልጥፍ ብሎ ተጣበቀ። አሉሚኒየም ቢሆን አይይዘውም ነበር፤ ብረት ነው። ቃሉ ግን ብልጥ ነው። አሎይ ማለት ቅይጥ ማለት ነው፤ ስቲልም ቢሆን ከካርቦን ጋር የተቀየጠ ብረት ነው። ከሁሉ ያሳቀኝ "ካርቦን" በትልቁ፣ "ስቲል" በትንንሹ የተጻፈበት ፍሬም ነው። አንድ ጎረምሳ ቀላሉንና ውዱን የካርቦን ፋይበር ብስክሌት በዚህ ዋጋ አገኘሁ ብሎ ሲያቅፈው አየሁ። ማግኔቱን ሰጠሁት። ሞክሮ፣ ሳቀና፣ ያንኑ ገዛ። ብረት መጥፎ ነገር አይደለም እኮ፤ ይከብዳል፣ ይዝጋል እንጂ ያገለግላል።

ከወር በኋላ መምህሩ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ሄልሜት ሊገዙላት ነው።

ሁለት ዓይነት ነበረን። አንደኛው ሮዝ ነው፤ የሚያብረቀርቅ የሲኢ (CE) ተለጣፊ አለው፣ ከሥሩ "የአውሮፓ ደረጃ" ይላል። ልጅቷ ዓይኗን ከእሱ ላይ አላነሳችም። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ዋጋው ሦስት እጥፍ። መካኒካችን ሲኢ የሚለውን "ቻይና ኤክስፖርት ማለት ነው" ይላል። ተረት ነው፤ እንዲህ የሚባል የታወቀ ምልክት የለም። ሲኢ አምራቹ የአውሮፓን ሕግ አሟልቻለሁ ብሎ ራሱ የሚለጥፈው ነው። ለሄልሜት ግን መጀመሪያ ናሙናውን እውቅና ያለው ተቋም መርምሮት መሆን አለበት። ደረጃው ኢኤን 1078 ይባላል። ይህን የሚከተል ሄልሜት ውስጡ የአምራቹን ስም፣ የራሱን ክብደት፣ የጭንቅላት መጠንና የተሠራበትን ጊዜ ይናገራል።

ሮዙን ገልብጬ አየሁት። ውስጡ ባዶ ነው። የጥቁሩ ውስጥ ሁሉም ተጽፏል።

"እና ይኼኛው ደህና ነው?" አሉ ጥቁሩን እያሳዩ።

"ጋሼ፣ ይኼ ቢያንስ ስለ ራሱ የሚናገረው አለው። ግን ይኼም የታተመ ወረቀት ነው። በእርግጠኝነት ደህና ነው አልልዎትም።"

እትዬ ከገንዘብ መሳቢያው በኩል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ተሳቅቄ ዝም አልኩ። መምህሩ ጥቁሩን ልጅቷ ላይ አድርገው ማሰሪያውን አጠበቁ። ግራና ቀኝ ወዘወዙት። አልተንሸራተተም። ሮዙ ግን ዓይኗ ላይ ነበር የወረደው።

"ጥቁሩን ይውሰዱ፣ መምህር" አሉ እትዬ በድንገት። "በዋጋው እንስማማለን።" ሮዙንም ከመደርደሪያው አንስተው ባንኮኒው ሥር ከተቱት። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ በሮዝ ደወል አባበልናት።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ሮዙ ሄልሜት ተመልሶ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ተለጣፊው ተልጧል። የሙጫው ምልክት ብቻ ቀርቷል።