ርስት ነው ወይስ ጉልት?

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ምንም አላሰኘኝም። ደብረ ማርቆስ በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን ታውቋታላችሁ። ጉሙ በር አንኳኩቶ የሚገባ ነው የሚመስለው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ከሰል አያይዤ በቆሎ እየጠበስኩ ስልኬን ሳየው አሜሪካ ያለችው የታናሽ እህቴ፣ የትንሿ፣ የድምፅ መልእክት ገብቷል። ኔትወርክ ብቅ ሲል ነው ሁሉም ተግተልትሎ የሚመጣው።

ትንሿ ሰባተኛ ወሯ ነው። ወረቀቷ ገና ነው። ኬዟ ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ እየተሰጠው ይኸው አለ። እንደ ልማዷ የእማዬን ጉልበት ጠየቀች፣ በርበሬው መድረሱን ነገረችኝ፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ ልጄ የማን ነው የሚባለው?»

ልመልስላት ጀመርኩና አጠፋሁት። እንደገና ጀመርኩና አሁንም አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ይዞኝ ሄደ።

የፈራችው ነገር ይገባኛል። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን በያዘበት ዕለት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ አንድ ትእዛዝ ፈረመ። እኛ የቃና ዘገሊላን ታቦት እየሸኘን ነበር። ትእዛዙ እናቱ ያለ ወረቀት ወይም በጊዜያዊ ፈቃድ እዚያ የምትኖር፣ አባቱም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ያልሆነ ሕፃን እዚያ ቢወለድም እንደ ዜጋ አይቆጠር የሚል ነው። ፍርድ ቤቶች ወዲያው አገዱት፤ ክርክሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን እግድና ይግባኝ አያጽናናትም። እሷ የምትቆጥረው ወሯን ነው።

የአገሩን ሕግ ታሪክ ሳስበው ደግሞ የበለጠ ያንገበግበኛል። እ.ኤ.አ. በ1857 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁር ሰው፣ ነፃ የወጣም ቢሆን፣ የአገሩ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ፣ በ1868፣ ያንን ፍርድ ለመሻር ሕገ መንግሥታቸው ላይ 14ኛውን ማሻሻያ ጨመሩ። እዚህ የተወለደና በሕጋችን ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው አሉ። ከዚያ ዎንግ ኪም አርክ የሚባል ሰው መጣ። ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ቻይናውያን የሆኑ ምግብ አብሳይ ነው። ቻይና ደርሶ ሲመለስ ዜጋ አይደለህም ብለው ከወደቡ አገዱት። ያኔ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሩ እንዳይገቡ የሚከለክል ሕግ ነበር። ወላጆቹም ቢፈልጉ እንኳ ዜጋ መሆን አይፈቀድላቸውም። ያም ሆኖ ፍርድ ቤቱ በ1898 ልጁ ዜጋ ነው ብሎ ወሰነ። ለወላጆቹ የተከለከለው በር ልጁን ከተወለደበት ቤት አላስወጣውም።

ዜግነት መብት ነው ወይስ ችሮታ? እኔ የጎጃም ልጅ ነኝና እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣልኝ መሬት ነው።

አያታችን ከፍርድ ቤት እንዴት እንደሚቆም የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በእናቱ በኩል ይደርሰኛል በሚለው ሁለት ጥማድ መሬት ግማሽ ዕድሜውን ሲሟገት ኖረ። መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላም አልተወውም። ማታ ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል። ከራሱ ይነሳና ወደ እናቱ፣ ከእናቱ ወደ አያቱ፣ እያለ መሬቱን መጀመሪያ እስካቀናው አባት ድረስ ይወጣል። ግራ እጁ ሲያልቅ ወደ ቀኙ ይሻገራል። አንድ ስም ከተሳሳተ ተቆጥቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ርስት ማለት ለእሱ ይህ ነበር። ከእናትም ከአባትም ይወረሳል። ማንም አልሰጠውም፤ ስለዚህ ማንም አይወስድበትም።

ጉልት ሌላ ነው። ጉልት ንጉሥ ላገለገለው ሰው የሚሰጠው ነው። ባለጉልቱ ከገበሬው ግብር ይበላል። ንጉሡ ከተቆጣ ደግሞ ይነቅለዋል። አያታችን ባለጉልት ሲያይ ተነሥቶ እጅ ይነሣ ነበር፤ ግን አይቀናበትም። «የሰው ፊት እያየ የሚያድር» ይለው ነበር።

እንግዲህ ዜግነት ችሮታ ነው የሚሉ ሰዎች ጉልት ነው እያሉን ነው። ሰጪው ሲቆጣ የሚነቀል ማለት ነው። እኔ ይህን አልቀበልም። ሰው የሰው ፊት እያየ አገር ሊኖረው አይችልም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ሲመጣ ሞጣና ብቸና ለምን አመፁ? ገበሬው ዛሬ የለኩትን መሬቴን ነገ ሊወስዱት ነው ብሎ ስለሰጋ ነው። መንግሥት አውሮፕላን ልኮ ቦምብ ጣለ። ገበሬው ግን አልተበገረም። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ሰው በችሮታ ላገኘው ነገር እንዲህ አይሞትም።

ግን ርስትም ሌላ ፊት አለው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ አያታችንን ብቻ ማወደስ ይሆንብኛል። ከአያታችን ቤት ቁልቁል፣ ከወንዙ አፋፍ፣ ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበር። ልጅ ሆኜ አንዷ አሮጊት ምጣድ ስትሠራ ቆሜ አይ ነበር። ጭቃውን በእጇ መዳፍ እየደበደበች ታሰፋዋለች፣ ጠርዙን በእርጥብ ጨርቅ ታለሰልሰዋለች፣ ከዚያ በኩበት ታቃጥለዋለች። የአገሩ እንጀራ ሁሉ የሚጋገረው በእሷ እጅ ሥራ ነው። እናቷ እዚያው ተወልዳ እዚያው ሞታለች። አያቷም እንዲሁ። ርስት ግን አልነበራቸውም። ቡዳ ይባላሉ፤ ጢሰኛ ይባላሉ። ሙስሊሙ ሸማኔና ነጋዴም ርስት አልነበረውም። ስንት ትውልድ ቢኖሩ ከአቅኚው አባት አልተወለዳችሁም ተብለው እንግዳ እንደሆኑ ቀሩ። ያን ቀንበር የሰበረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ደርግን በብዙ ነገር እኮንነዋለሁ። ለዚያች አሮጊት መሬት በስሟ መድረሱን ግን አልኮንንም።

የዛሬው ሕጋችንም የርስት ጠባይ አለው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 6 ላይ እናቱ ወይም አባቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። በ1922 ዓ.ም. የወጣው የዜግነት ሕግም ከአባትም ከእናትም ነበር የሚያወርሰው። አንቀጽ 33 ደግሞ ማንም ኢትዮጵያዊ ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይገፈፍም ይላል። ይህ ደስ ይለኛል። የትንሿ ልጅ የትም ይወለድ የት፣ በእናቱ የኛ ነው። ግን የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። ልጁ በመወለዱ የአሜሪካን ዜግነት ካገኘ፣ አካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቶ የኛን እንደመረጠ ካላስታወቀ፣ የኛን እንደተወ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ የሚቀርለት ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው። ቢጫ ካርድ ይዞ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። አይመርጥም፤ አይመረጥም። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ከእናቱ አገርና ከተወለደበት አገር አንዱን ምረጥ ሲባል ምን ይሰማው ይሆን?

ወረቀቱ ላይ መብት የሆነው ሁሉ ደግሞ መሬት ላይ መብት አይደለም። ይህን ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም። በ2013 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ከመተከል የተፈናቀሉት ቻግኒ፣ ራንች መጠለያ በገቡ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት ልጆች ጋር ልብስ ይዘን ሄደን ነበር። ድንኳኑ ተደርድሮ ዓይን አይጨርሰውም። አንድ ጎልማሳ ሰው ልብስ አልጠየቀኝም። ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ መታወቂያ አወጣ። በላብ ርሶ ጠርዙ ተልጧል፤ የፎቶው ግማሽ ፊት ጠፍቷል። ማኅተሙ ግን ይነበባል። የዚያው የተባረረበት ቀበሌ ማኅተም ነው። «ይኸው፣ ግብር ስከፍል ኖሬያለሁ» አለኝ። እኔ መርማሪ የሆንኩ ይመስል ደጋግሞ ያሳየኛል። ልጆቹ እዚያ ነው የተወለዱት። መጤ ይሏቸዋል።

አንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በአገሪቱ ውስጥ በመረጠው ቦታ የመኖር መብት አለው ይላል። የክልሉ ሕገ መንግሥት ደግሞ የክልሉ ባለቤቶች ብሎ አምስት ሕዝቦችን በስም ይጠራል። ያ ሰው በአንደኛው ባለርስት ነው፤ በሌላኛው ጢሰኛ። በቁጣ ላይ እያለሁ ግን ጉሙዙንም አስበዋለሁ። የሚያድንበት ጫካ ተመንጥሯል። እያፈራረቀ የሚያርሰው መሬት በሰፋሪና በባለሀብት ተይዟል። እሱም ሞቷል፣ እሱም ተፈናቅሏል። ሰው ሲበዛበት አገሬን ላጣ ነው ብሎ መፍራቱ ክፋት ብቻ አይደለም።

ለዚህ ነው አገር በሯን መዝጋት የለባትም የሚለውን ጨርሼ የማልቀበለው። እ.ኤ.አ. በ1948 የጸደቀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫ ሰው ከማንኛውም አገር የመውጣት፣ ወደ ገዛ አገሩም የመመለስ መብት አለው ይላል። የሰው አገር የመግባት መብት አለው አይልም። ዲቪን እንኳ ተመልከቱ። በዓመት እስከ 55 ሺህ ሰው በዕጣ ይወስዱ ነበር። ሁላችንም ጆሯችን እስኪታይ ፀጉራችንን ወደ ኋላ አድርገን ነጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፈን ፎቶ ተነሥተናል። ሲቀርብንም አልተጣላንም። ዲቪ ችሮታ ነበር፤ ችሮታነቱንም አውቀን ነው የሞላነው። እንግዳ ማስገባትና አለማስገባት የባለቤቱ ነው። ቁጥሩን መወሰን፣ ማጣራት፣ መጠበቅ ይችላል። ቤት ውስጥ የተወለደውን ልጅ ግን እንደ እንግዳ መቁጠር አይችልም። በሩ ጉልት ይሁን፤ ልደት ግን ርስት ነው። ለትንሿ ይህን ልላት አስቤ ነበር።

ግን ይህን ካልኩ ጋምቤላ አለ። ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የገቡ ከ350 ሺህ በላይ ስደተኞች አሉ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ በሙሉ ከ300 ሺህ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ መሥራትንና መንቀሳቀስን ፈቅዶላቸዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እዚያ መጠለያ ውስጥ የሚወለደው ልጅ ግን ኢትዮጵያዊ አይሆንም። ወላጅ ያልተገኘለት ተጥሎ የተገኘ ሕፃን እንኳ በኛ ሕግ ኢትዮጵያዊ ይባላል። እናቱ የምትታወቀው ግን አይባልም። የሚጠጣው የባሮን ወንዝ ውኃ ነው። የሚማረው እዚሁ ነው። የእናቱን አገር አይቶት አያውቅም።

የትንሿን ልጅ አሜሪካ ዜጋዬ ትበለው ካልኩ፣ ይህንንስ ልጅ እኛ ዜጋችን ልንለው አይገባም? እሺ እንበለው ብል ደግሞ፣ በገዛ ወንዙ ዳር ከእንግዳው ያነሰው አኙዋ ነገ ልጆቼ የትኛውን መሬት ይረሱ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ ልመልስለት?