«ምንጭ፦ ጉግል» ብሎ ምንጭ የለም

ፎቶ አፕሎድ አድርገው ምንጭ የሚለው ቦታ ላይ «ጉግል» ብለው የሚያልፉ ሰዎች በጣም ነው የሚያናድዱኝ። ጉግል እኮ ያለበትን አሳየህ እንጂ ፎቶውን አላነሳውም፣ ያነሳው ሰው ሌላ ነው፣ ስሙንም ብዙ ጊዜ ፎቶው ወዳለበት ገጽ ብትገባ እዛው ተጽፎ ታገኘዋለህ። «ኮፒራይት የሚል ምልክት የለበትም» የሚባለውም አይሰራም፣ የበርን ስምምነት (አገሮች የተስማሙበት የኮፒራይት ውል) ከ1908ቱ ማሻሻያው ጀምሮ ምልክትም ምዝገባም አይጠይቅም፣ ስራው ሲፈጠር መብቱ አብሮት ይመጣል።

እንደ ዊኪፒዲያ ብዙ ሰው አብሮ የሚሰራባቸው ሳይቶች ላይ ግን ነገሩ ይብሳል። የዊኪፒዲያ ፎቶዎች የሚቀመጡበት ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ «የራሴ ስራ» የምትለዋን መርጠህ የሰው ፎቶ ካስገባህ አስተማሪው ያንተን ቃል አምኖ ይወስደዋል፣ ጋዜጣው ይወስደዋል፣ ሁሉም ፎቶው ስር ያንተን ስም ይጽፋሉ፣ ህግ እናክብር ብለው ስም የጠቀሱት ሰዎች ሳያውቁት የውሸት ስም ያሰራጫሉ ማለት ነው። ፎቶግራፈሩ የገዛ ስራውን በሌላ ሰው ስም ሲያገኘው አስቡት፣ እኔን የሚያመኝ እዚህ ጋ ነው፣ በነጻ የለቀቀ ሰው እኮ ብር አልጠየቀም፣ ስሜን ጥሩ ብቻ ነው ያለው።

ደግሞ «ክሪኤቲቭ ኮመንስ ነው» ማለት ብቻ አይበቃም፣ ክሪኤቲቭ ኮመንስ (ሲሲ) ባለቤቱ ስራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት የሚፈቅድባቸው የተለያዩ ላይሰንሶች ማለትም ፈቃዶች ናቸው። ዊኪሚዲያ ኮመንስ ሲሲ ባይን (ስም ጥቀስ)፣ ሲሲ ባይ-ኤስኤን (ስም ጥቀስ፣ ከቀየርከው በዚያው ላይሰንስ ልቀቅ) እና ሲሲ ዜሮን (ያለ ምንም ግዴታ) ይቀበላል፣ ኤንሲ (ለንግድ አይሆንም) ወይ ኤንዲ (ቀይሮ ማሰራጨት አይቻልም) ያለበትን ግን አይቀበልም። «እኛ መች እንነግድበታለን» ይላሉ ሰዎች፣ እውነት ነው፣ ግን እዛ የሚገባው ፎቶ ማንም ወስዶ ለንግድም ቢሆን እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውም ጭምር ነው። በዚሁ ምክንያት ባለቤቱ በቻት «ተጠቀምበት» ማለቱም አያወጣህም፣ እሱ የፈቀደው ላንተ ነው፣ ለሁሉም የሚፈቅድበትን ላይሰንስ ለይቶ ራሱ ለዊኪሚዲያ በኢሜይል ማረጋገጥ አለበት።

ክሬዲቱ እኮ አንድ መስመር ነው፣ የፎቶግራፈሩ ስም (የብዕር ስምም ከሆነ እንዳለ)፣ የተገኘበት ቦታ፣ የላይሰንሱ ስም ከነሊንኩ፣ ክሮፕ ካደረግከው ወይ ከለሩን ከነካካኸው እሱንም ትጽፋለህ፣ በቃ። ያለስም የለጠፍከው ካለ ደግሞ አሁንም አልረፈደም፣ 4.0 የሚል ቁጥር ያላቸው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ላይሰንሶች ላይ ጥፋቱን ካወቅክ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ካስተካከልክ የመጠቀም መብትህ በራሱ ይመለስልሃል፣ ስለዚህ ባለቤቱ እስኪጽፍልህ አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ገብተህ ስሙን ጨምርበት።